ስለ እናታችን ሌሊትና ስለ እንቅልፍ ክኒን

ሰው ዕድሜው ሲገፋ እንቅልፉ እንደሚቀንስ ከአባቶቻችን ስንሰማ ኖረናል። አረጋዊ ሰው ሌሊት ቢነቃ፣ ዳዊቱን ቢደግም፣ ማለዳም ሳይቀሰቅሱት ቢነሣ ማንም እንደ ሕመም አይቈጥርበትም። ዳሩ ግን የመርሳት በሽታ ያደረበት ሰው ሌሊት ከዚህ የተለየ ነው። ቀኑን ጸጥ ብሎ የዋለው ሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መቅበጥበጥ ይጀምራል፤ በገዛ ቤቱ ተቀምጦ «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ይላል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነጠላውን ደርቦ የበሩን መወርወሪያ ይነካካል። ይህን ያላየ ሰው በነገሩ ሊፈርድ አይችልም። ያየው ግን፣ ከመድኃኒት ቤት የምትመጣ አንዲት ትንሽ ክኒን ቤቱን ሁሉ ጸጥ ልታደርግ እንደምትችል ሲሰማ ልቡ ወደዚያው ማዘንበሉ አይቀርም። ይህች ክኒን ስለምትሰጠውና ስለምትወስደው ነገር በቤታችን ያየነውን፣ ከሐኪሞችም የተማርነውን ለክቡራን አንባብያን ልናካፍል ወደድን።

እናታችን 79 ዓመት ሆኗቸዋል። የምንኖረው በሲኤምሲ ነው። ልጆቻችን ሰፈሩን በዚህ ስም ሲጠሩ ስሙ ከየት እንደ መጣ አይጠይቁም፤ ራቬና ከምትባለው የጣሊያን ከተማ የመጣ የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች ኅብረት የሥራ ተቋራጭ ስሙን ያሳጠረባቸው ፊደላት ናቸው። እናታችን ግን ያውቁታል። የትናንት ምሳቸውን የማያስታውሱት እናታችን፣ ሰፈሩ ሜዳ ሳለ የጣሊያኖቹ ከባድ መኪና በየት በኩል ያልፍ እንደ ነበር ዛሬም በጣታቸው ያመለክታሉ። የመርሳት በሽታ ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ቅርቡን አስቀድሞ ይወስዳል፣ ሩቁን ለመጨረሻ ያቆያል። ኋላ ስለ ሌሊቱ በምንናገርበት ጊዜ ስለሚያስፈልገን አንባቢ ይህን ነገር በልቡ ይያዝልን።

በአገራችን «ጃጅተዋል» ብሎ ነገሩን በዕድሜ ላይ ማሳበብ የተለመደ ነው። ነገር ግን ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1906 ዓ.ም. ስለ በሽታው ለባልንጀሮቹ ሐኪሞች ሲያስረዳ፣ በምሳሌነት ያቀረባት ሴት ወደ ሆስፒታል ስትገባ ገና የ51 ዓመት ሰው ነበረች። እርጅና በሽታውን ያበዛዋል እንጂ ራሱ በሽታው አይደለም። በሽታ ከሆነ ደግሞ ከሚያጠቃቸው ነገሮች አንዱ እንቅልፍ ነው፤ ምክንያቱም በአንጎል ውስጥ ሌሊትንና ቀንን የምትለይ፣ እንደ ሰዓት የምታገለግል አንዲት ትንሽ ሥፍራ ስላለች፣ እርስዋም ከሌላው ጋር አብራ ስለምትጎዳ ነው።

የእናታችን ሌሊት የከበደው ሕመሙ ከተገለጠ በ4ኛው ዓመት ነበር። በአንድ የግል ክሊኒክ ያዩአቸው ሐኪም ዲያዜፓም የተባለውን፣ በቀድሞ የንግድ ስሙ ቫሊየም እየተባለ የሚታወቀውን መድኃኒት፣ 5 ሚሊ ግራም፣ ማታ ማታ አንድ ፍሬ፣ ለ15 ቀን አዘዙላቸው። በመጀመሪያው ሳምንት እናታችን ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኝተው ሳይነሡ አደሩ፤ እኛም ከብዙ ጊዜ በኋላ እንቅልፍ የሚባለውን ነገር አገኘን። 15ቱ ቀን ሲያልቅ በክሊኒኩ የሐኪሙ ወረቀት ታደሰ፤ ከዚያም በኋላ እንደገና ታደሰ። «ከተስማማቸው ይቀጥሉ» እየተባለ 8 ወር ሞላ።

ለውጡ በአንድ ቀን የመጣ አልነበረም። ታላቅ እኅታችን ከመጀመሪያው ጀምራ በአንድ የተማሪ ደብተር ላይ ስትጽፍ ቈይታለች፤ በስንት ሰዓት ተኙ፣ በስንት ሰዓት ነቁ፣ ምን ያህል በሉ፣ ሆዳቸው ሄደ ወይስ አልሄደም፣ ሰው ለዩ ወይስ አልለዩም የሚል ነው። ይህችን ልማድ ለማንኛውም ቤተሰብ እንመክራለን፤ ዐይን ቀስ በቀስ የሚመጣውን ነገር አያይምና። በደብተሩ ላይ እንደሚታየው በ1ኛው ወር እናታችን ጠዋት በ2 ሰዓት ይነሡ ነበር፤ በ3ኛው ወር በ4 ሰዓት፤ በ6ኛው ወር ቁርሳቸውን በምሳ ሰዓት ነው የቀመሱት። እግራቸውን ይጎትታሉ። ምራቃቸውን መዋጥ ይረሳሉ፤ ጉርሻውን በጉንጫቸው ይዘው ይቀራሉ። ሊጠይቁ የሚመጡት ዘመዶች «አይ፣ ሕመሙ ጠናባቸው» እያሉ ከንፈር ይመጥጡ ነበር። ሌሊቱም ቢሆን እንደ መጀመሪያው ሳምንት አልዘለቀም፤ ከ4 ወር ወዲያ እንደገና መንቃት ጀመሩ፤ ይሁን እንጂ የሚነቁት እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገዱ ነው።

በዚሁ አኳኋን በ8ኛው ወር አንድ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ሲሄዱ ወደቁ። አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ከዳሌያቸው በላይ ግን አንድ ወር የቈየ ጥቁር ሰንበር ወጣባቸው። በዚህ ዕድሜ የዳሌ አጥንት ስብራት ማለት ለብዙ ሰዎች ዳግመኛ አለመነሣት መሆኑን የምታውቅ እኅታችን፣ በማግስቱ ደብተርዋን ይዛ ሌላ ሐኪም ለመፈለግ ወጣች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። የአእምሮ ሐኪም ሲባል ብዙ ሰው በአሳቡ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ወደ ቈየው ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ይሄድና ያፍራል። እናትን ወደዚያ መውሰድ ስም ማጥፋት የሚመስለው ሰው አለ። የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ ቢሆንም የመርሳት በሽታን የነርቭ ሐኪሞችም ያክማሉ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የነርቭ ሕክምና ልዩ ሥልጠና በ1998 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በዚህ ሙያ የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በከተማችን አሉ። እኅታችን ያገኘችው ከነዚሁ አንዱን ነው።

ሐኪሙ ቀጠሮ ሲሰጣት አንድ ነገር ብቻ አዘዛት፤ «በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ሰብስባችሁ አምጡ፤ የሚወስዱትን ብቻ አይደለም፣ በመሳቢያ ያለውንም ጭምር» አላት። ፌስታሉ በጠረጴዛው ላይ ሲገለበጥ 9 ዓይነት ሆነ። ከዲያዜፓሙ ሌላ የደም ግፊት ክኒን አለ፤ የሚያሸና ክኒን አለ፤ ለማስታወስ ይረዳል ተብሎ የታዘዘ ዶኔፔዚል አለ፤ እግራቸውን ሌሊት ሌሊት ስለሚያቃጥላቸው ከሌላ ሥፍራ የታዘዘ አሚትሪፕቲሊን አለ፤ ከአሜሪካ የመጣች አንዲት የአክስት ልጅ በሻንጣዋ ያመጣችው፣ በማሸጊያው ላይ «ፒ ኤም» የሚል የተጻፈበት የሕመም ማስታገሻ አለ። የቀረው ቫይታሚንና ቅባት ነበር።

ሐኪሙ በመጀመሪያ ያነሣው ዲያዜፓሙን ነው። «ይህ መድኃኒት በ20 ዓመት ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ ግማሹ ተጣርቶ ለመውጣት 20 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ በ80 ዓመት አረጋዊ ግን 90 ሰዓት ገደማ ነው» አለን። 90 ሰዓት ማለት 4 ቀን ሊሞላ ምንም ያህል አይቀረው። እንግዲህ የዛሬዋ ክኒን ስትዋጥ የትናንትናዋ፣ የትናንት በስቲያዋና ከዚያም በፊት የነበሩት ቅሪታቸው ገና በደም ውስጥ ነው። ከዚህም በላይ ዲያዜፓም በጉበት ሲፈጭ የሚወጣው ትርፍ ራሱ የሚያደነዝዝ ነው። በእኅታችን ደብተር ላይ የጠዋቱ ሰዓት ከ2 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 6 እየሸሸ የሄደበት ምክንያት ይኸው ነበር። መድኃኒቱ በሌሊት አጥር ውስጥ የሚቀር አይደለም፤ ቀኑንም አብሮ ይውላል። ጡንቻን ያላላል፣ ሚዛንን ያሳጣል፣ የዕለቱ ነገር በአእምሮ እንዳይቀረጽ ይከለክላል። ትውስታው በቀጭን ክር ለተንጠለጠለ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያሻም።

ከዚያም ዶኔፔዚሉንና አሚትሪፕቲሊኑን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ይህን ክፍል በጥሞና እንድትከታተሉልን እንለምናለን፤ በብዙ ቤት ያለ ነገር ነውና። አንጎላችን መልእክት ከሚላላክባቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ አሴቲልኮሊን ይባላል። በአልዛይመር በሽታ ቀድሞ ከሚጎድሉት አንዱ እርሱ ነው። ዶኔፔዚል የቀረችው ጥቂቷ አሴቲልኮሊን ቶሎ እንዳትጠፋ ያደርጋል። አሚትሪፕቲሊን ደግሞ የዚህችኑ የአሴቲልኮሊን መንገድ ይዘጋል። አንዱ ሲገነባ ሌላው ያፈርሳል ማለት ነው፤ ለሁለቱም ገንዘብ ይከፈላል። መንገዱ ሲዘጋ የሚታየው ምልክት የአፍ መድረቅ፣ የሆድ ድርቀት፣ የሽንት መከልከል፣ የዐይን ብዥታና ከሁሉም የከፋው የአሳብ መደናገር ነው። የፈረንጁ «ፒ ኤም» ክኒን ውስጥ ያለው ዳይፈንሃይድራሚን፣ ለማሳከክና ለማስታወክ የሚሰጠው ፕሮሜታዚንም ሥራቸው እንደዚሁ ነው። ያለ ሐኪም ወረቀት ይገዛል ማለት ለአረጋዊ አይጎዳም ማለት አይደለም። በባሕር ማዶ ያሉ ወንድሞችና እኅቶች ከፍቅር የተነሣ የሚልኩትን ነገር ለሐኪም ሳያሳዩ አለመስጠት መልካም ነው።

ይህ የአንድ ሐኪም አስተያየት ብቻ እንዳይመስል የነገረንን እንጨምር። ማርክ ቢርስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1991 ዓ.ም. ለአረጋውያን የማይስማሙ መድኃኒቶችን ዝርዝር ከባልንጀሮቹ ጋር አውጥቶ ነበር። ዝርዝሩ ዛሬም በስሙ ይጠራል፤ የአሜሪካ የአረጋውያን ሐኪሞች ማኅበር በየጊዜው ያድሰዋል፤ በ2023 ዓ.ም.ም ታድሷል። የመርሳት በሽታ ላለበት ሰው ዲያዜፓምንና ዘመዶቹን፣ ዞልፒዴምን የመሰሉትን አዳዲስ የእንቅልፍ ክኒኖች፣ የአሴቲልኮሊንን መንገድ የሚዘጉትንም በተቻለ መጠን እንዲርቁ ይመክራል።

እኅታችን ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ «እንግዲያው ሌላ የሚያስተኛ መድኃኒት ይስጡን» አለችው። በዚያች ሰዓት ማንም ቢሆን ይህንኑ ይጠይቅ ነበር። ሐኪሙም ሌሎቹን አንድ በአንድ ቈጠረላት። ሃሎፔሪዶልን፣ ክሎርፕሮማዚንን፣ ኦላንዛፒንን፣ ሪስፔሪዶንን የመሰሉ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡ መድኃኒቶች አሉ፤ በየቤቱ ለሌሊት መቅበጥበጥ ሲሰጡ ይታያል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. በአዲሶቹ፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ በነባሮቹ ላይ፣ በመርሳት በሽታ በተያዙ አረጋውያን ዘንድ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዟል። ሌዊ ቦዲ የሚባለው የመርሳት በሽታ ዓይነት ያለበት ሰውማ ጥቂት ቢወስድ እንኳ ሰውነቱ ሊደርቅና በብርቱ ሊታመም ይችላል። ሕመምተኛው ራሱን ወይም ሌላውን የሚጎዳ ሲሆን ሐኪም አመዛዝኖ በትንሹ፣ ለአጭር ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ ለእንቅልፍ ብቻ ግን አይሆንም። ሜላቶኒን የተባለው በዚህ በሽታ ለተያዙት ያን ያህል እንደማይረዳ ጥናቶች ያሳያሉ። ትራዞዶን በ50 ሚሊ ግራም እንቅልፍን ጥቂት እንዳረዘመ በብራዚል የተደረገ አንድ ጥናት ያመለክታል፤ የተፈተኑት ግን 30 ያህል ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ይህን ቈጥሮ ሲጨርስ ሐኪሙ እናታችንን እያየ በቀስታ «የምትፈልጉት እንቅልፍ የእማማን ነው ወይስ የቤቱን?» ሲል ጠየቀን። ለመውቀስ አልነበረም። የቤቱም እንቅልፍ እውነተኛ ነገር ነው፤ የሚያስታምም ሰው ካልተኛ ሁለት ሕመምተኛ ይሆናልና። ሆኖም ሁለቱ ጥያቄዎች መልሳቸው የተለያየ ነው። የእናታችን ሌሊት በክኒን ሲገዛ ዋጋው የተከፈለው ከእናታችን ቀን ነበር፤ ከቀናቸው ደግሞ የቀረው ብዙ አይደለም። የቤቱ እንቅልፍ ከሌላ ሥፍራ መፈለግ ነበረበት።

አሁን አንባቢን በብርቱ የምናሳስበው ነገር አለ። ይህን ጽሑፍ አንብቦ ነገ ማለዳ የእናቱን ክኒን የሚጥል ሰው እንዳይኖር። ለወራት የተወሰደ ዲያዜፓም በድንገት ሲቋረጥ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ ቅዠት ይመጣል፣ እንደሚጥል በሽታ ያለ ነገር ሊያስከትልም ይችላል። ለእናታችን ሐኪሙ ያዘዘው በየ3 ሳምንቱ ከክኒኑ ሩብ እየቀነስን እንድንወርድ ነበር። ለሌላ ሰው ሌላ መጠን ይሆናል፤ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። አሚትሪፕቲሊኑም ዲያዜፓሙ እስኪያልቅ ድረስ አልተነካም፤ ሁለቱ ባንድነት ቢቀነሱ የትኛው ምን እንዳመጣ አይታወቅምና። ታናሽ ወንድማችን ክኒኑን በምላጭ እየሰነጠቀ በትናንሽ ወረቀት ይጠቀልልና ቀኑን ይጽፍበት ነበር። በጠቅላላው 3 ወር ፈጀ። ከዚያ ውስጥ 9 ሌሊት በጣም ክፉ ነበሩ። እናታችን «ሌባ ገባ» እያሉ ይጮሁ ነበር፤ ጎረቤት ሁለት ጊዜ በሩን አንኳኳ። ቀላል ነበር ብንል ሐሰት ይሆንብናል።

በዚያው ጊዜ ሐኪሙ የሚያነቃቸውን ነገር እንድንፈልግ አዞን ነበር። «ሰው ያለ ምክንያት አይነቃም፤ የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ምክንያቱን ሊነግራችሁ አይችልም እንጂ» አለን። በእርግጥም ምክንያቶቹ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተራ በተራ ወጡ። የሚያሸናውን ክኒን ማታ ከሌሎቹ ጋር ይወስዱት ነበር፤ ሐኪሙ ወደ ጠዋት አዞረው፤ ሌሊት 4 ጊዜ መነሣቱ ወደ 2 ወረደ። ዶኔፔዚል በአንዳንድ ሰው ላይ ክፉ ሕልም ያመጣልና እርሱም ወደ ጠዋት ዞረ። ለሆድ ድርቀታቸው ውኃ፣ ተልባና እንቅስቃሴ ተጨመረ። ቡና ነገሩ ረቂቅ ነው፤ እናታችን የ11 ሰዓቱን ቡና ከአቦል እስከ በረካ ሳያደርሱ አይነሡም ነበር። ቡና ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅበት የማታው ቡና እኩለ ሌሊት ድረስ ይዘልቃል። ሥርዓቱን ግን ልንነሣቸው አልወደድንም። ቡናው ወደ ጠዋት ሄደ፤ ማታ ደግሞ ገብስ ተቈልቶ፣ ዕጣን ጨሶ፣ በዚያው ጀበና ይቀርባል። እናታችን በመጀመሪያው ቀን ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱና «ይህ የጦም ቡና ነው?» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አልጠየቁም።

የብርሃንም ነገር አለ። የእኛ የሰዓት አቈጣጠር ከንጋት የሚጀምር መሆኑ ለዚህ ነገር የሚረዳ ይመስለናል፤ ቀኑ ከ12 ሰዓት ጀምሮ እንዲቈጠር አካልም ከብርሃን ጀምሮ ይቈጥራልና። በክኒኑ ዘመን መጋረጃቸው እስከ ምሳ ይዘጋ ነበር። አሁን በ1 ሰዓት ተኩል ተከፍቶ ጠዋት ፀሐይ በምታርፍበት በረንዳ ይቀመጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአያት መስመር የባቡር ሐዲድ እስከሚታይበት ድረስ ክንዳቸው ተይዞ ይሄዳሉ። ቀን ሲያንቀላፉ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይተዉም። በክረምት፣ ሰማዩ በሚጠቁርበት ጊዜ፣ ይህ ሁሉ እንደሚዳከም ደብተሩ ያሳያል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ንቃት ቀረ፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት። ሽንቱም፣ ሆዱም፣ ቡናውም ተስተካክሎ እናታችን በዚያች ሰዓት ሳያዛንፉ ይነሣሉ። ተነሥተውም ነጠላቸውን ይፈልጋሉ፤ ነጠላው ሲደበቅ ይቈጣሉ፤ በሩ ሲዘጋ ያለቅሳሉ። ምክንያቱን የደረሰችበት ታላቅ እኅታችን ናት። እናታችን ከልጅነታቸው ጀምሮ ኪዳን ሳያደርሱ የቀሩበት ቀን ጥቂት ነው፤ ወደ ሲኤምሲ ከመጣንም በኋላ እግራቸው እስኪከለክላቸው ድረስ ለኪዳን ወደ ቅዱስ ሚካኤል ይሄዱ የነበረው በዚህችው ሰዓት ተነሥተው ነበር። በሽታው ሩቁን ለመጨረሻ ያቆያል ብለን መጀመሪያ ላይ የተናገርነው እዚህ ላይ ነው። 60 ዓመት የተሠራበት ልማድ ከስማችን ይልቅ በእናታችን ዘንድ ጸንቶ ኖሯል። ይህን ንቃት በክኒን ማጥፋት እንደ ሕክምና ሊቈጠር እንደማይገባ ሁላችንም ተስማማን።

እንግዲህ በ10 ሰዓት የዕለቱ ተረኛ አብሮ ይነሣል። በባትሪ የሚሠራ መብራት ይበራል (የመብራት መጥፋት የተለመደ ስለ ሆነ በባትሪው ረክተናል)፤ ነጠላቸውን ይደርባሉ፤ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው በወንበር ይቀመጣሉ። ዳዊታቸውን በእጃቸው ይይዛሉ እንጂ ማንበብ አይችሉም፤ አንዳንድ ጊዜም ተዘቅዝቆ ነው የሚይዙት። አቡነ ዘበሰማያትን ግን ከአፋቸው ሳይቆራረጥ ያደርሳሉ። ተረኛው ታላቅ እኅታችን ስትሆን እናታቸው ትመስላቸዋለች፤ «እማዬ፣ አስረፈድን እንዴ?» ይሏታል። «የለም፣ ደርሰናል» ትላቸዋለች። ሠላሳ ደቂቃ ገደማ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ራሳቸው ወደ አልጋቸው ይመለሱና እስከ ንጋት ይተኛሉ።

በቤተ ክርስቲያን ልጆች ቤት ከመድኃኒት ጋር የሚገናኙ ሌሎች ነገሮችም ስላሉ በአጭሩ እንጥቀሳቸው። በጾም ወራት እናታችን መብላታቸውን ረስተው መጾማቸውን አይረሱም፤ እስከ 9 ሰዓት ያለ ውኃ ሲቈዩ ደማቸው ይወርዳል፣ መደናገራቸውም ይብሳል። የንስሐ አባታችን መጥተው «ለእርስዎ ጾሙ ተፈቶልዎታል፤ መድኃኒትዎን በውኃ ይውሰዱ» ብለው በመስቀል ባረኳቸው፤ የእኛን ቃል የማይሰሙት እናታችን የእርሳቸውን ሰሙ። ጠበሉንም በጠዋት ይጠጣሉ። ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ይህንኑ በግልጥ አስተምረዋል። አንድ ነገር ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ በ12 ለሚካኤል ዝክር እንግዶች በአክብሮት የሚቀዱላቸው ጠላ። ጠላም ሆነ ጠጅ ከእንቅልፍ ክኒን ጋር ሲገናኝ አንዱ የሌላውን ሥራ ያበረታል፤ መተንፈስን እስከ ማዳከም ይደርሳል። የሚያደነዝዝ ክኒን በሚወስድ ሰው ፊት ብርሌ መቅረብ የለበትም።

የቤቱ እንቅልፍ ከየት ተገኘ ብትሉን፣ ከመካፈል ነው። ከዚህ በፊት ሌሊቱን በአብዛኛው ትሸከም የነበረችው እንደ ብዙ የአዲስ አበባ ቤቶች ከገጠር የመጣችው የቤት ሠራተኛችን ነበረች። ቀን እንጀራ ስትጋግር የዋለች ልጅ ሌሊት ስትጠብቅ አድራ እንደገና ትሥራ ማለት ግፍ ነው፤ በየቤቱ ስለ አረጋውያን እንክብካቤ ሲነገር ይህ ነገር እምብዛም አይነሣም። አሁን ሌሊቱ በተራ ነው። ሰኞና ሐሙስ የታላቅ እኅታችን ነው፤ ማክሰኞና ዓርብ የታናሽ ወንድማችን፤ ረቡዕና ቅዳሜ የእኛ የቀረነው፤ እሑድ ሌሊት ደሞዝ የሚከፈላት አንዲት አስታማሚ ትመጣለች። የእርስዋን ደሞዝ የሚልከው በዋሺንግተን የሚኖረው ወንድማችን ነው። እርሱም በእኛ ሌሊት፣ በእርሱ ግን ገና ማታ በሚሆንበት ሰዓት፣ አንዳንድ ጊዜ በስልክ ተረኛውን ያጫውታል። ከመኝታ ቤቱ እስከ መጸዳጃው ያለው ምንጣፍ ተነሥቷል፤ አልጋው ዝቅ ብሏል፤ በውጭው በር ላይ ሲከፈት የሚጮህ ትንሽ ደወል ተሰቅሏል።

ተራ የሚካፈል ዘመድ የሌለው ሰው ይህን ሁሉ ማድረግ እንደማይቻለው እናውቃለን። አንዲት ልጅ ከአንዲት እናት ጋር ብቻዋን በአንድ ክፍል የምትኖር ከሆነች፣ ነገም በማለዳ ሥራ የምትገባ ከሆነች፣ ክኒኑን ሰጠች ብሎ የሚነቅፋት ሰው በቅድሚያ አንድ ሌሊት ይደርላት። ለእንዲህ ያለችው ልጅ ሐኪምዋን የምትጠይቀው ሦስት ነገር አለ፤ መጠኑ ከዚህ ሊያንስ ይችላል ወይ፣ የሚያበቃበት ቀን መቼ ነው፣ ምን ምልክት ባይ ነው ወዲያው የማመጣቸው የሚል ነው።

እናታችን ክኒኑን ካቆሙ 14 ወር ሆነ። በሽታው ግን አልቆመም፤ ዘንድሮ የልጅ ልጆቻቸውን ስም ሙሉ በሙሉ አጥተዋል፤ በወር 3 ወይም 4 ሌሊት አሁንም «ወደ ቤቴ» ሲሉ ያድራሉ። ጠዋት በ2 ሰዓት ይነሣሉ። ቁርሳቸውን በሰዓቱ ይበላሉ፤ በረንዳው ላይ ምስር ይለቅማሉ፤ ጠጠሩን ከምስሩ ለይተው በአንድ ወገን ያስቀምጣሉ። ከዚያ ወዲህ አልወደቁም። በሚመጣው ወር ቀጠሮ አላቸው፤ ሐኪሙ ደብተሩን ይዘን እንድንመጣ አዞናል። ይህ 4ኛው ደብተር ነው።